ስሌቱ ልክ፣ መልሱ ስህተት

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለማስተርስ ለማመልከት ጂ.አር.ኢ. የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ልፈተን ተመዝግቤያለሁ፤ ሰባት ሳምንት ቀርቶኛል። ከትምህርት ገበታ ከተነሳሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ተማሪ ሳለሁ ግን በሒሳብ የምታማ አልነበርኩም። የመጀመሪያውን የልምምድ ፈተና ስሠራ ከ27ቱ የሒሳብ ጥያቄ 12 ብቻ አገኘሁ። ደንግጬ አንድ የአልጀብራ መጽሐፍ ከሀ እስከ ፐ ከለስኩ፤ ቀመሮቹንም በቃሌ ያዝኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ፈተና ስሞክር 13! የሚያበግነኝ የተሳሳትኩትን መልሼ ሳየው ስሌቱ ልክ መሆኑ ነው። ሦስቱን ልንገርዎ። ፍጹም ዋጋው ከ4 የሚያንስ ስንት ኢንቲጀር አለ? 3 አልኩ። ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል፤ ኤክስ ስኩዌር ይበልጣል ወይስ ኤክስ? ኤክስ ስኩዌር አልኩ። 3 ለ7 ሲካፈል ሪሜይንደሩ ስንት ነው? በካልኩሌተር 0.43 አገኘሁ፤ ምርጫው ውስጥ ግን የለም። ሌላ መጽሐፍ ልግዛ? አስጠኚ ልቅጠር? ወይስ ወደ ሌላው የመግቢያ ፈተና፣ ወደ ጂማት ልዙር?

ደግሞ አንድ ነገር፦ ወንድሜ ‹ዜሮ ተጋማሽም ኢተጋማሽም አይደለም› ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነቱን ነው?»

እህቴ፣

መጽሐፍ አትግዢ። የጻፍሽልኝ ሦስት ስህተት፣ ሲገላበጥ አንድ ስህተት ነው። መደመርም ማባዛትም አልጠፋብሽም፤ የሳትሽው ቃል ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንቲጀር» የሚለውን አይተሽ፣ በጣታችን እንደምንቆጥረው ከአንድ ጀመርሽ። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልተጻፈ ቃል ከራስሽ ጨመርሽበት። በሦስተኛው ደግሞ ሪሜይንደር የየትኛው ቁጥር ዘመድ እንደሆነ ሳትጠይቂ ወደ ካልኩሌተሩ ሮጥሽ።

ይህ የአንቺ ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው «ቁጥር» ሲባል 5፣ 20፣ 300 ነው የሚታየው። ለኑሮ ይበቃል። ፈተናው ግን በቁጥር ስሞች ላይ እንደ ውል ጸሐፊ ጥብቅ ነው፤ እያንዳንዱ ስም ማንን እንደሚያስገባና ማንን ደጅ እንደሚያስቀር ተወስኗል። ስለዚህ አንድ የሒሳብ ቃል ባየሽ ቁጥር አራት ስም ጥሪ፦ ዜሮ፣ ኔጌቲቭ፣ ክፍልፋይ፣ አንድ። ይገባሉ ወይስ አይገቡም? ምክሬ በሙሉ ይኸው ነው። የቀረው እሱን ማፍታታት ነው።

ከመጀመሪያው ጥያቄሽ እንነሳ። ኢንቲጀር፣ በአማርኛ ድፍን ቁጥር የምንለው፣ ዜሮንም ኔጌቲቭንም ያስገባል፤ ክፍልፋይን ይከለክላል። ፍጹም ዋጋ ማለት ደግሞ ከዜሮ ያለው ርቀት ነው፤ ርቀት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይለካል። ስለዚህ ከ4 ባነሰ ርቀት ላይ ያሉት −3፣ −2፣ −1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ናቸው፤ ሰባት። አንቺ የቀኙን ወገን ብቻ ቆጠርሽ። «ፖዘቲቭ ኢንቲጀር» ቢል ኖሮ ልክ ነበርሽ። «ኖንኔጌቲቭ ኢንቲጀር» ቢል ዜሮ ተጨምሮ አራት ይሆናል። እዚህ ላይ እኔም አልዳንኩም፤ በጊዜዬ ስፈተን «ኖንኔጌቲቭ» የሚለውን «ፖዘቲቭ» ብዬ አንብቤ፣ መልሴን ሁለት ጊዜ አጣርቼ፣ ደስ ብሎኝ አልፌዋለሁ። ዛሬም ድረስ ያቺን ዜሮ አልረሳኋትም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከሁሉም የሚጣፍጠኝ ነው። ጥያቄው ያለው «ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል» ብቻ ነው። ኢንቲጀር ነው አላለም። ይህ ፈተና ምንም ካልተባለ ቁጥር ማለት ሪል ነምበር ነው ብሎ ይነሳል፤ ክፍልፋዩም ዴሲማሉም ውስጥ ነው። እንግዲህ እየተካሽ ሞክሪው። ኤክስ 2 ከሆነ ስኩዌሩ 4፤ ስኩዌሩ በለጠ። ኤክስ 1 ከሆነ ስኩዌሩም 1፤ እኩል ሆኑ። ኤክስ ግማሽ ከሆነ ስኩዌሩ ሩብ፤ አሁን ኤክስ በለጠ። ሦስት ሙከራ፣ ሦስት የተለያየ ውጤት። መልሱ አራተኛው ምርጫ ነው፤ ከተሰጠው መረጃ ተነስቶ መወሰን አይቻልም። ሁለት መጠን የሚያወዳድረው የጥያቄ ዓይነት ምርጫዎቹ ሁልጊዜ እነዚያው አራቱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ሁለተኛው ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ አይወሰንም። አንቺ እንደ ብዙ ሰው አራተኛውን የሰነፍ መልስ አድርገሽ ታይዋለሽ መሰለኝ። ሁለት ተቃራኒ ምሳሌ ካገኘሽ ግን እሱ የተረጋገጠ መልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰከንድ አትጨምሪበት።

ሦስተኛው። ሪሜይንደር፣ ቀሪ፣ የኢንቲጀር ቃል ነው። «ለየአንዳንዱ እኩል ሙሉ ሙሉውን አድለሽ ስንት ተረፈሽ?» ነው ጥያቄው። 3 ለ7 ሲካፈል ለማንም ሙሉ አይደርስም፤ ድርሻው ዜሮ፣ የተረፈው ያው 3። መልሱ 3 ነው። ካልኩሌተሩ አልዋሸሽም፤ ጥያቄው ያላለውን ነው የመለሰልሽ። ከእሱ ቀሪ ማውጣት ካማረሽ ከነጥቡ በስተቀኝ ያለውን በአካፋዩ አባዢው፦ 17 ለ5 ሲካፈል 3.4 ይልሻል፤ 0.4 በ5 ሲባዛ 2፤ ቀሪው 2 ነው።

ከዚህ ሠፈር ሳንወጣ ስለ ፋክተርና ማልቲፕል አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ፋክተር አካፋይ ነው፤ 12ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል። ማልቲፕል ብዜት ነው፤ 12 በአንድ ኢንቲጀር ተባዝቶ የሚወጣ። አካፋዮቹ ያልቃሉ፣ ብዜቶቹ አያልቁም። የእኛ ችግር «ብዜት» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር መጠቀማችን ነው፤ የማባዛት ውጤቱንም ብዜት እንለዋለን፣ ማልቲፕሉንም ብዜት እንለዋለን። ፈተናው ለመጀመሪያው «ፕሮዳክት»፣ ለሁለተኛው «ማልቲፕል» ይላል። አማርኛውን በሆድሽ ይዘሽ እንግሊዝኛውን ስታነቢ ሁለቱ ይደባለቁብሻል፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን በእንግሊዝኛ ስማቸው ልመጃቸው።

ፕራይም፣ ብቸኛ ቁጥር፣ የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ ሌላ ፖዘቲቭ አካፋይ የሌለው ኢንቲጀር ነው። አራቱን ስም ጥሪ፤ ዜሮ አይገባም፣ ኔጌቲቭ አይገባም፣ ክፍልፋይ አይገባም፣ አንድም አይገባም። 2 ይገባል፤ ከተጋማሾች የሚገባው እሱ ብቻ ነው። 51፣ 57 እና 91ን ደግሞ በመልካቸው አትመኛቸው፤ 3 ጊዜ 17፣ 3 ጊዜ 19፣ 7 ጊዜ 13 ናቸው። አሁን 60ን ውሰጂ፦ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ጊዜ 5። «ስንት ፕራይም ፋክተር አለው፣ ዲስቲንክት (የተለያዩ) የሆኑትን ብቻ» ቢልሽ ሦስት ነው፤ ሁለተኛዋ 2 አትቆጠርም። «ስንት ፖዘቲቭ ፋክተር አለው» ቢል 12። «ፖዘቲቭ» የምትለው ቃል ደግሞ ለጌጥ አልገባችም፤ ኔጌቲቮቹም ስለሚያካፍሉ እሷ ብትወጣ 24 ይሆናል። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት መልስ፤ የሚለያያቸው አንዳንድ ቅጽል ነው።

የስኩዌር ሩት ነገር አጭር ነው። የ16 ስኩዌር ሩት በምልክቱ ተጽፎ ሲመጣ 4 ነው፤ አራት ብቻ። «ስኩዌሩ 16 የሆነ ኤክስ» ሲባል ግን 4ም −4ም ነው። ምልክቱ የሚሰጥሽ ኖንኔጌቲቩን ነው፤ ኢኩዌሽኑ ሁለቱንም።

ፐርሰንት ላይ ትንሽ ቆይ ልበልሽ። ሁለት ቁጥር እንያዝ፣ 50 እና 80። 80 የ50 ስንት ፐርሰንት ነው? 160። 80 ከ50 በስንት ፐርሰንት ይበልጣል? 60። 50 ከ80 በስንት ፐርሰንት ያንሳል? 37.5። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው መነሻው ማን እንደሆነ ነው። በአማርኛ መነሻው ፊቱ ላይ «ከ» ተለጥፎበት ስለሚመጣ አይጠፋሽም፤ «ከ80 ያንሳል» ካለ የምታካፍይው ለ80 ነው። በእንግሊዝኛው ደግሞ «ዛን» የምትለዋን ቃል ፈልጊና ከእሷ በኋላ የመጣውን ቁጥር ያዢ። የ20 ፐርሰንት ጭማሪ ተከትሎት የ20 ፐርሰንት ቅናሽ ሲመጣ ወደ ቦታው የማይመለሰውም ለዚህ ነው፤ 100 ወደ 120 ይወጣል፣ ቅናሹ ግን የሚሰላው ከ120 ላይ ነውና 96 ላይ ያርፋል።

ሬሾ 2 ለ3 ሲባል፣ ሁለቱ ከጠቅላላው ሁለት አምስተኛ እንጂ ሁለት ሦስተኛ አይደሉም። የሚቆጠር ነገር ከሆነም ጠቅላላው የ5 ብዜት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም።

ወደ አልጀብራ ስንሻገር ቃሉ የባሰ ይከብዳል፤ ድሮም አልጀብራ የቃል ሥራ ነበር። ስሙ «አል ጀብር» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ የተሰበረውን መጠገን፣ ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው። የሒሳብ ሊቁ አል ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ሲጽፍ ኤክስም ዋይም፣ የእኩል ምልክትም አልነበረውም፤ ኢኩዌሽኑን ሁሉ በዓረፍተ ነገር ይጽፍ ነበር፤ የማይታወቀውንም «ነገሩ» ይለዋል። እሱ ከቃል ወደ መፍትሔ ሄደ። አንቺ መሐል ላይ ምልክት ስላለሽ ብቻ ቃሉን ለመዝለል ትቸኩያለሽ።

በዚህ በኩል አማርኛሽ ይረዳሻል፣ ካወቅሽበት። «ከኤክስ 5 ሲቀነስ» ብለሽ በሰማሽበት ቅደም ተከተል ጻፊው፦ ኤክስ − 5። እንግሊዝኛው ግን 5ን አስቀድሞ ኤክስን ያስከትላል፤ እንዳነበብሽ ከጻፍሽው 5 − ኤክስ ይሆንና ምልክቱ ይገለበጣል። ስለዚህ የመቀነስ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ በልብሽ በአማርኛ በይው፣ ከዚያ ጻፊው። ሞኝነት ይመስላል፤ ይሠራል።

ይህ መገልበጥ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትንም አይምርም። በ1981 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር፦ የተማሪዎቹ ብዛት የፕሮፌሰሮቹን ስድስት እጥፍ ነው፤ በኢኩዌሽን ጻፉ። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ፤ አብዛኛው የተሳሳተ ደግሞ 6ተ = ፐ ብሎ ነው የጻፈው (ተ ተማሪ፣ ፐ ፕሮፌሰር ትሁንልን)። 6ቱን በቃል ከቀረበው ጋር አጣበቁት። ልክ የሚሆነው ተ = 6ፐ ነው። ከተጠራጠርሽ ቁጥር አስገቢበት፤ ፕሮፌሰሩ 10 ከሆነ ተማሪው 60 መሆን አለበት፤ የትኛው ኢኩዌሽን ነው 60 የሚሰጥሽ? የእኛው አማርኛ «የፕሮፌሰሮቹ ስድስት እጥፍ» ብሎ ስድስቱን ከፕሮፌሰሮቹ ጋር አስሮ ያስረክብሻል፤ ትርጉሙን ይዘሽ ከተነሳሽ አትስቺም።

ኤክስፕሬሽንና ኢኩዌሽንም ይለያሉ። የእኩል ምልክት የሌለው ኤክስፕሬሽን ነው፤ ይቃለላል እንጂ አይፈታም። ኤክስ ለ2 ሲደመር ኤክስ ለ3 የሚለውን አቃልዪ ሲባል በ6 አባዝቶ 5ኤክስ ብሎ የሚያርፍ ሰው አይቻለሁ፤ አንድ ሳይሆን ብዙ። በ6 ማባዛት የሚቻለው በሁለት ወገን ሚዛን ሲኖር ነው። እዚህ ሚዛን የለም፤ መልሱ 5ኤክስ ለ6 ነው። ኢኩዌሽን ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ኤክስ ስኩዌር = 5ኤክስ። ሁለቱንም ወገን ለኤክስ አካፍለሽ «ኤክስ 5 ነው» ካልሽ ዜሮን ገደልሻት፤ እሷም መልስ ነበረች። ኢንኢኩዋሊቲ፣ ማለትም የመብለጥና የማነስ ከሆነ ደግሞ፣ ምልክቱን የማታውቂውን ኤክስ ይዘሽ አታባዢ፣ አታካፍዪ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ የመብለጡ ምልክት ይገለበጣልና።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልሽው። ከሁለቱ ፈተና 29 የተሳሳትሻቸው ጥያቄዎች አሉሽ፤ ከማንኛውም አዲስ መጽሐፍ ይልቅ እነሱ ያስተምሩሻል። ደብተር አውጪና ሁሉንም መልሰሽ ሥሪያቸው፤ በየአንዳንዱ ጥግ ላይ አንድ ፊደል አኑሪ። «ቃ» ቃሉን ስለሳትኩት፤ «ስ» ስሌቱን ስላላወቅሁት፤ «ጊ» ጊዜ ስላነሰኝ። ስትጨርሺ ቁጠሪያቸው። እንደ ደብዳቤሽ ከሆነ «ቃ» ትበዛለች ብዬ እገምታለሁ። በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ የሳትሻቸውን ቃላት ጻፊ፤ ከየቃሉ ፊት ለፊት አራቱ ስም ይገባ አይገባ፣ ቀጥሎም ከራስሽ የወጣ አንድ ምሳሌ። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ፍቺ አትለጥፊ፤ ራስሽ ያላመጥሽው ምሳሌ ነው በፈተና ሰዓት ቶሎ የሚመጣልሽ። ቃላቱ ቢበዙ አርባ ቢሆኑ ነው፤ በሁለት ሳምንት ትጨርሻቸዋለሽ። ለማመሳከሪያ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢ.ቲ.ኤስ. ራሱ በነጻ የሚሰጠው የሒሳብ ክለሳ አለ፤ ቃላቱ በፈተናው አፍ የተፈቱት እዚያ ነው።

ፈተናው ላይ የመጀመሪያው የሒሳብ ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ ነው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አሥሩን ሰከንድ ለቃሉ ስጪው፤ ከመነካካትሽ በፊት በተሰጠሽ ወረቀት ላይ «ኢንቲጀር»፣ «ዲስቲንክት»፣ «ፖዘቲቭ» የሚሉትን ቅጽሎች ወርውሪያቸው። የመጀመሪያው ክፍል ውጤትሽ የሁለተኛውን ክብደት ስለሚወስን፣ መጀመሪያው ላይ ረጋ በይ። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ እንዳይኖርሽ።

አስጠኚ? «ስ» ከ«ቃ» ከበለጠች ቅጠሪ፤ ያለዚያ አስጠኚው የምታውቂውን ነው የሚያስከፍልሽ። ጂማት? እሱ በሒሳብ ክፍሉ ካልኩሌተር አያስገባም፤ በ45 ደቂቃ 21 ጥያቄ ነው፤ ጂኦሜትሪውን አውጥቶ አሪትሜቲክና አልጀብራን ብቻ አስቀርቷል። ከቃሉ ልትሸሺ ከሆነ የሸሸሽው ወደ ቃሉ ሠፈር ነው። የምታመለክቺበት ትምህርት ክፍል ጂማትን ካልጠየቀ በቀር በሰባት ሳምንት ፈረስ አትቀይሪ።

የወንድምሽ ነገር ቀረ። ተጋማሽ ማለት ያለ ቀሪ ለ2 የሚካፈል ኢንቲጀር ነው። ዜሮ ለ2 ሲካፈል ድርሻው 0፣ ቀሪው 0። ጎረቤቶቹ −1 እና 1 ኢተጋማሽ ናቸው፤ መሐላቸው ያለው እሱ ተጋማሽ ነው። ወንድምሽ የሰማው እውነት ግን አለ፤ ዜሮ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አይደለም። ያንን ይዞ ነው ወደ ተጋማሹ የተሻገረው። ከተወራረዳችሁ ተቀበዪው።